ደጄ ላይ ያለው ጉድጓድ

ካምደን የሚባለው ሰፈር ላይ ባሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲዘል፣ ከፊቴ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሰው «በስመአብ!» አሉ። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ዞር አለች።

«አይዞዎት ጋሼ፣ መንገዱ ነው።»

«ሐበሻ ነሽ እንዴ? የእኔም ቤት ደጅ ላይ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አለ። ለካውንስሉ፣ ለሰፈሩ አስተዳደር፣ ኮምፕሌይን አድርጌ አቤት ብዬ ነበር።»

«መጡ ታዲያ?»

«መጡ። በብርዱ መሬቱ በረዶ ይሆናል፤ ሲሞቅ የላይኛው ይቀልጣል፣ የሥረኛው ገና በረዶ ስለሆነ ውሃው መሄጃ ያጣል አሉኝ። አስፋልቱ ጭቃ ላይ ተኝቶ ይቀራል።»

«ከላይ ግን ደህና ይመስላል።»

«እሱ ነው የሚያታልለው። ትንሽ መኪና ምንም አያደርገውም፤ ከባድ ሲመላለስበት ነው የሚሰነጠቀው። ‹እዚህ ጠባብ መንገድ ከባድ መኪና ይገባል ወይ?› ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ? መኪናው አጠገባቸው ቆሟል።»

«የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ! አሸዋ ነው የምጭነው። በፍስክ ሳንድዊች ገዝቼ እዚያው መኪናዬ ውስጥ እበላለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮዬን ልበላ ከነጭነቴ ቤት እመጣለሁ።»

«ልክ በረዶው ሲቀልጥ!»

«በየዓመቱ! ጾሙን ሙሉ ከሥጋ ርቄ አስፋልት ስበላ ነው የምከርመው።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮማ ይኸው፣ መኪናዬን ሥራ ቦታ ትቼ ለሽሮዬ በባስ እሄዳለሁ።»

ባሱ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሲጠጋ፣ እኔ ከኋላቸው ክብደት እንዳልጨምር ሁለቱንም እግሬን ከወለሉ አነሳሁ።