በሥዕሉ ውስጥ ያለው ቁልፍ

በስደት ኢስትሊ ሰፈር ስንኖር አንድ የመርማሪ የኮምፒውተር ጨዋታ ሲዲ ገዝቼ በጣም አናደደኝ። በሥዕል ውስጥ የተደበቁ ዕቃዎችን እየፈለግህ ነፍሰ ገዳዩን ትይዛለህ ይላል፤ ዕቃው ሁሉ ግን ፊት ለፊት ተዘርግፏል። ልብስ ሰፊዋን ባለቤቴን ጽጌን፣ «ነይ ሳቂበት፣ እስቲ ቁልፉን ፈልጊ» አልኳት። ትልቅ ቀይ ቁልፍ ጠረጴዛው መሀል ተጋድሟል። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጠጋ ብላ ፈለገች፣ ፈለገችና አጣችው።

«ጽጌ፣ አይታይሽም እንዴ?»

«ከፋሲካ ወዲህ እየደበዘዘብኝ ነው። መርፌውን እንኳ ጎረቤታችን ናት ክር የምታስገባልኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስፌቱን ተዪ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዶክተሩ መርምሯት ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ የአንደኛው ዓይኗ ብርሃን እንደማይመለስ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ጽጌ እንግሊዝኛ እንደምትሰማ አላወቀም። እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።