በቦታው ያልገባ ስም

የተማረ ሰው ሲሳሳት ከነማስረጃው ነው። ያልተማረውን ተሳስተሃል ብትሉት ወይ ይቆጣል ወይ ይስቃል፤ የተማረው ግን ወንበር ስቦ ያስረዳችኋል። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ «ሊቁ» እያለ የሚጠራቸው አዛውንትም እንደዚያው ነበሩ። የሕሙማኑን ስም የሚይዘውን ፕሮግራም፣ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በጎልማሳነታቸው ብቻቸውን ጽፈውታል። ከዚያ ወዲህ ስንት አለቃ መጥቶ ሄደ፣ ግድግዳው ስንት ጊዜ ቀለም ተለወጠለት፤ ፕሮግራሙ ግን ፍንክች አላለም። ይህን ሲናገሩ ደረታቸው ነፋ ይላል። እውነትም ስለነበር ማንም አይታዘባቸውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጠያቂዎች መስኮት ጸሐፊ ማተሚያው ወረቀት ነክሶ አልለቅ ቢላት ጠራቻቸው። ጎንበስ ብለው ወረቀቱን እየጎተቱ ሳለ፣ ከመስኮቱ ማዶ አንዲት ወጣት አባቷን ስትጠይቅ ሰሙ። አባቷ መንገድ ላይ ወድቀው በአምቡላንስ መጥተዋል። የድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች ወደ ላይ ልከናቸዋል፣ የክፍላቸውን ቁጥር ከመስኮት ጠይቂ ብለዋታል። ጸሐፊዋ ስሙን ጻፈችና የሉም አለቻት። ልጅቱ እባክሽ ድገሚው አለች፤ ተደገመ፤ አሁንም የሉም። የክፍል ቁጥር ያልያዘን ሰው ደግሞ ዘበኛው ደረጃውን አያስወጣም፤ ደንብ ነው።

ሊቁ ቀና ብለው፣ ማሽኑ ዋሽቶ እንደማያውቅ፣ ሌላ ሆስፒታል ብትሞክር እንደሚሻል በአባትነት መከሯት።

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙን ያውቁታል?» አለቻቸው።

የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ነገሯት። የእሷም እንጀራ ያው ሙያ ነበር፤ ትምህርቷን ጨርሳ በዚያው ቋንቋ ፕሮግራም ትጽፋለች። ስለዚህ ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ጠየቀች፦ አዲስ ስም ሲመጣ የት ነው የሚያስገቡት?

ለሊቁ እንዲህ ያለ ጥያቄ የድግስ ጥሪ ነው። የጎኑን በር ከፈቱላትና ወደ ጠባቧ ክፍላቸው አስገብተው ወንበር ሰጧት። ስሞቹ ሁሉ በፊደል ተራ እንደተሰለፉ አስረዷት። ማሽኑ ስም ሲፈልግ ሰልፉን ከመሃል ይከፍታል፤ የሚፈልገው ስም ከመሃሉ የሚቀድም ከሆነ ኋለኛውን ግማሽ እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ የቀረውን ደግሞ ከመሃል ይከፍታል፤ እንዲህ እያለ ከተፍ ነው። አዲስ ገቢ ሲመጣ ከጅራት ይቀጠላል። ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ሲዘጋ ሁሉም አንድ ላይ ተራ ተራውን ይይዛል።

ልጅቱ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እንግዲያው ጠዋት የገቡት ገና ተራቸውን አልያዙም። የአባቴ ስም በ‹በ› ይጀምራል፤ የተቀጠለው ግን ከሁሉም መጨረሻ ነው። ማሽኑ ከመሃል፣ ‹ከ› ላይ እንበል፣ ይከፍትና ወደ ፊተኛው ግማሽ ይሄዳል፤ አባቴ ያሉበትን ይጥለዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፣ ጋሼ። እባክዎ ጅራቱን በዓይንዎ ይዩልኝ።»

እኔና እናንተ ብንሆን እናየው ነበር። የሚስጥር ቃሉን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ መጻፍና መክፈት ነበር የቀረው። ነገር ግን የዕድሜ ልክ ሥራቸው በአንዲት ወጣት አፍ ኩበት ለቀማ ተብሏል። ይህ መልስ ሳይሰጠው እንዴት ይታለፋል? እከፍትልሻለሁ፣ መጀመሪያ ግን እንተማመን አሉና እርሳስ አነሱ።

አዲሱን ስም መሃል ላይ ማስገባት ማለት ከበስተኋላው ያለውን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መግፋት ነው አሏት። ማሽኑ በግፊያ ይደክማል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰልፍ ግቢውን ይሞላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?

ልጅቱ በሩን በሩን እያየች መለሰች። የሚገፋው ስሙ ራሱ ሳይሆን ስሙ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠበት አድራሻ ነው፤ አድራሻ ደግሞ ቀላል ነው። የዛሬ ማሽን ያን ሁሉ ዓይን ሳይከደን ገፍቶ ይጨርሳል። ሊቁ በእሳቸው ዘመን ማሽን ምን ያህል ኤሊ እንደነበረ፣ የማስታወሻ ቦታውም እንደ ጨው በቁንጥር ይሰፈር እንደነበር ተረኩላት። ጋሼ፣ አባቴን፣ አለች። መጣሁ፣ ይሄን ብቻ፣ አሉ። ሁለት ጊዜ የሚመዘገብ ሰውስ? ድንገተኛ ክፍልም እዚህ መስኮትም ስሙን የሚሰጥ አለ፤ እሱን ማን ይለየዋል? ውሃ ተጥዶ ቢሆን ፈልቶ ነበር።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የተማረችውን ሁሉ አሰባስባ፣ በትህትና፣ እንደ ፈተና መለሰችላቸው።

«ጋሼ፣ ከማስገባትዎ በፊት በራስዎ ዘዴ ይፈልጉት። ካገኙት የተደገመ ነው፤ አያስገቡትም። ካጡት ደግሞ ፍለጋው ያበቃበት ቦታ ራሱ የስሙ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አንድ ቦታ ይግፉ፣ ቀጣዩ ስም እንዳይደመስሰው የስሙን ቅጂ ያውጡ፣ እዚያው ያስገቡት። የሚጠብቅ ሰው አይኖርም።»

ሊቁ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ካጡት፣ ያጡበት ቦታ ቦታው ነው! መፈለጊያውን እሳቸው ራሳቸው ጽፈውት ስለምን ይህን አላዩም? ገባቸው። ደስም አላቸው፤ በእውነት ደስ አላቸው። «ረታሽኝ ልጄ» ብለው ሳቁ። እግዜር ይይላቸው፣ ሳቁ።

ከዚያ ከፈቱት። የአባቷ ስም ከጅራቱ ላይ ነበር፤ ከነክፍል ቁጥራቸው፣ ከነአልጋቸው። ልጅቱ እየሮጠች ደረጃውን ወጣች፤ ሊቁም ጉልበታቸው እንደቻለ ተከተሏት። ሲደርሱ ነርሷ አንሶላውን ወደ ላይ እየሳበች ነበር።

«አሁን ነው ያረፉት» አለች ነርሷ። «ነፍሳቸውን ያውቁ ነበር። ልጄ ትመጣለች፣ በሩን አትዝጉት ሲሉ ነበር።»

ልጅቱ የአባቷን እግር በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ እግሩ ገና ሙቀት ነበረው። ሊቁ በሩ ላይ ተገትረው ቀሩ። ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር እንደተናደ ተሰማቸው፤ ያ የተናደው ነገር እስከ ዛሬም አልተጠገነም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሊቁ በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙን ለወጡት። አሁን ስም ሲመጣ ወዲያው ቦታውን ይይዛል፤ የተደገመ አይገባም፤ ጠያቂ የክፍሉን ቁጥር ቆሞ ሳለ ይቀበላል። ሰልፉም ግቢውን አልሞላም፤ ጭራሽ አጠረ። ዘመዱን ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲያስስ የሚውል ሰው ቀረ። አለቃው አመሰገኗቸው፤ ሊቁ ግን ምስጋናውን ሰምተው ምሳቸውን መብላት አቃታቸው።

ልጅቱ ከሐዘን ተነስታ የአባቷን ልብስ ልትወስድ በመጣች ጊዜ ኮሪደሩ ላይ አገኟት። የሠሩትን አስረዷት። ከል የለበሰችው ልጅ አንገቷን አቀርቅራ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። የስሙን ቅጂ አውጥተው ያስቀምጡት እንደሆነ ጠየቀች። አዎን አሏት። ጥሩ ነው፣ ትክክል ነው አለች። ሊቁ ያኔ ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ።

«ተዉት ጋሼ» አለች። «እኔም ተሳስቻለሁ። ተምሬያለሁና ላስረዳዎት ተቀመጥኩ። እግርዎ ላይ ወድቄ ባለቅስ ኖሮ ወዲያው ይከፍቱልኝ ነበር።»

ሊቁ የለም፣ እንደሱ አይደለም ሊሏት ፈለጉ። ግን እንደሱ ነበር። ልጅቱ የአባቷን ጫማ የያዘውን ፌስታል ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ደህና ይሁኑ ብላቸው ሄደች።