የማይበገረው ማጫወቻ

ለሥራ ከደባርቅ ዳባት በሞተር ስመላለስ ንዝረቱና አቧራው ሁለት የሙዚቃ ማጫወቻ ጨርሶብኛል። ስለዚህ ሦስተኛውን ስገዛ ሻጩን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣሁት። ሲሚንቶ ላይ እንዲጥለው፣ ውሃ እንዲያፈስበት አደረግሁት፤ ዕቃው ምንም አልሆነም። ደስ ብሎኝ ከሞተሩ መሪ ጋር አሰርሁት።

በማግስቱ ዳባት መግቢያ ላይ ቀብር ገጠመኝ። እንደ ወጉ ሞተሬን አጥፍቼ ወረድሁና ከመንገዱ ዳር ቆምሁ። የማጫወቻው ዘፈን ግን ቀጠለ። አቧራ እንዳይገባበት በጎማ የተሸፈነውን ቁልፍ ጫን ባደርገው ወደሚቀጥለው ዘፈን አለፈ፤ የሠርግ ዘፈን። ደግሜ ብነካው ድምፁ ጭራሽ የደመቀ ሌላ መጣ። ነጠላዬን ጠቅልዬበት በላዩ ተደፋሁ። አንድ ሽማግሌ ከሬሳው አጠገብ ፈቀቅ ብለው፣ «ልጄ፣ እሱስ አይሰማም፤ እናቱ ግን ከኋላ እየመጣች ነው» አሉኝ።

እንደ ተናደድሁ ወደ ሻጩ ተመለስሁ።

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሸጥህልኝ? ሐዘንተኛ ፊት አዋረደኝ እኮ!»

«እትዬ፣ ቁልፉን ተጭነው ትንሽ ቢቆዩ ይጠፋል። እንዳይሰበር እንጂ እንዴት እንደሚጠፋ መቼ ጠየቁኝ?» ብሎ ሳቀ።

በሰው ሐዘን መሳቁ አንገበገበኝና አፌ እንዳመጣልኝ ተናግሬው ወጣሁ። ለቅሶ ለመድረስ ግን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቱንም ጊዜ ከደጃቸው ተመልሻለሁ። ያን ዕለት እናትየዋ ስታልፍ ቀና ብላ መልኬን አይታዋለች።