ማህተም ያልጠበቀው ማስታወቂያ

ያን ቀን ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ የሄድኩት ስለ ተበላሸው ቆጣሪዬ አቤት ልል ነበር። የቆጣሪ ክፍሉ ተቆልፎ ስላገኘሁት፣ በሩ ገርበብ ወዳለው የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ብቅ አልኩ። ኃላፊው የድሮ ጎረቤቴ ሆነው ተገኙ። ፊት ለፊታቸው የወንድማቸው ልጅ ቆማለች፤ ይህንኑ ሙያ ተምራ እዚያው ከተቀጠረች ገና ሦስት ወሯ ነው።

«እንኳን መጡ፤ እስቲ ይዳኙን» አሉኝ ወንበር እየሳቡልኝ። «ነገ ከማለዳ ጀምሮ እኛ ባለንበት በላይኛው ሰፈር ውሃ ይቋረጣል። ማስታወቂያው የሥራ አስኪያጁን ፊርማና ማህተም ይጠብቃል፤ እሳቸው ደግሞ መስክ ላይ ናቸው። ይቺ ልጅ ሳይፈረም በፌስቡክና በቴሌግራም እንልቀቀው ትላለች።»

«ጋሼ፣ የኩላሊት እጥበት ክሊኒኩ እኮ እዚያ ሰፈር ነው» አለች ልጅቱ። «ያለ ውሃ ማሽኑ አይሠራም። የነገ ተረኛ ሕመምተኞች ዛሬ ካልሰሙ መቼ ሊሰሙ ነው?»

«ማህተም የሌለው ነገር ወሬ ነው፣ ልጄ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ የቆየሁት ወሬ ሳልነዛ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ ለእሳቸው አድልቼ ነበር። ልጅቱ ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«ገጻችንን ይዩልኝ። ከአርባው ፎቶ ሠላሳ ስምንቱ ሥራ አስኪያጁ ሪባን ሲቆርጡ ነው። ከሥሩ ሰው ሁሉ ‹ውሃ መቼ ይመጣል?› ይላል፤ ጋሼ ደግሞ እየተከታተሉ ያጠፉታል።»

«ስድብ ነዋ!»

«ጥያቄ ነው እንጂ! ብንመልስላቸው ስልካችን እንዲህ ባልተጨናነቀ። ማን የት እንዳለ እንወቅ። የሰፈር እናቶች ቴሌግራም ላይ ናቸው፤ ሰዓቱንና ሰፈሩን በሁለት መስመር እንንገራቸው። ወጣቶቹ ቪዲዮ ያያሉ፤ ለእነሱ የቧንቧ ሠራተኛው ጉድጓዱን እያሳየ ይናገር። ለክሊኒኩ በቀጥታ እንጻፍ። ሥራችንንም በላይክ ብዛት ሳይሆን ስንቱ ሰው ባልዲውን በጊዜ ሞላ ብለን እንለካው።»

«ብንሳሳትስ?»

«ሰዓቱን የቴክኒክ ኃላፊው በጽሑፍ አረጋግጠዋል። ከተለወጠም ወዲያው እናርማለን።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ባለፈው ማክሰኞ ውሃ ሲቋረጥ ባለቤትዎ ምን ላይ ነበሩ?»

ጎረቤቴ አንገታቸውን ደፉ። «ፀጉሯን በሳሙና ለውሳ...»

«እርስዎ መቋረጡን አያውቁም ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር። ግን አልተፈረመም፤ ሳይፈረም እንዴት ልንገራት?»

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ደነገጥኩ። የገዛ ሚስታቸውን እንዲህ ያደረገ ጥንቃቄ የማያውቋቸውን ሕመምተኞች ምን ሊያደርጋቸው ነው? ይህንኑ ነገርኳቸው።

ጎረቤቴ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወሉ፤ ስልኩ አይሠራም። መነጽራቸውን አደረጉ። «ጻፊው። ከሥሩ የኔን ስም አድርጊበት፤ የመጣው ይምጣ።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የክሊኒኩ ነርስ መለሰች፤ የነገ ተረኞችን ለዛሬ ከሰዓት እየጠሩ ነው። ሌሎችም ጠየቁ፤ ልጅቱ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠች። ሲጮህ የሚውለው የቢሮ ስልክ ጸጥ አለ። ሰው አስቀድሞ ከተነገረው እንደሚዘጋጅ፣ ከተመለሰለት ደግሞ እንደሚያምን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

ልነሳ ስል አንድ አስተያየት ብቅ አለ። «ባለፈው ማክሰኞስ የት ነበርክ?» ይላል። የጻፉት የጎረቤቴ ባለቤት ናቸው።

ጣታቸው በልማድ ወደ ማጥፊያው ሄደና ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በአንድ ጣት፣ ሕዝብ ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ጻፉ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ባልዲውን እኔ መጥቼ እሞላለሁ።»