ጅብ አገር አይሰጥም

(አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ከሰዓት በኋላ፤ በሬዲዮ የልጆች ተረት ሲተርኩ የኖሩት ጡረተኛዋ እትዬ ታፈሱ ከገዛ ቤታቸው በር ውጭ ቆመዋል፤ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሶልያና ከውስጥ ቀርቅራ አልከፍትም ብላለች፤ የእሳቸውን ተረት ወስዶ የሚያስፈራ የስልክ ጌም የሠራው፣ በግቢያቸው ያደገው አቤኔዘር ተጠርቶ መጥቷል።)

ታፈሱ፦ ምን ታንሾካሹካለህ? ጮክ ብለህ ንገራት እንጂ። "ጌሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጅቡ ውሸት ነው" በላት።

አቤኔዘር፦ ነገርኳት እኮ እትዬ ታፈሱ። "ጅቡም እንደዚሁ ነው የሚለው" አለችኝ።

ታፈሱ፦ እሰይ። አስተምረሃታል።

አቤኔዘር፦ በሩን ልግፋው? መቀርቀሪያው ያረጀ ነው፣ በትከሻ ቢመቱት ይለቃል።

ታፈሱ፦ እጅህን ከበሬ ላይ አንሣ። ጌምህ ውስጥ ጅቡ መጨረሻ ላይ ምን ያደርጋል?

አቤኔዘር፦ በሩን ይሰብራል።

ታፈሱ፦ እና አንተም ልትሰብርባት? ከዚያ በኋላ ይቺ ልጅ እዚህ ቤት እንቅልፍ የሚወስዳት ይመስልሃል? ምስር ወጥ ስቶቭ ላይ ጥጄ፣ ጨው ልገዛ ሱቅ ደርሼ ብመለስ፣ በገዛ ቤቴ ደጅ ጅብ ሆኜ ቀረሁ።

አቤኔዘር፦ ስቶቩ በርቷል ማለት ነው?

ታፈሱ፦ በርቷል። ሽታው አይደርስህም? ያስጠራሁህ ዓይንህ ናፍቆኝ መሰለህ?

አቤኔዘር፦ በመስኮቱ በኩልስ?

ታፈሱ፦ ብረት አለው። መጋረጃውንም ዘግታዋለች። መጋረጃ ዝጊ ያላትም አንተው ነህ።

አቤኔዘር፦ ጌሙ ነው ያላት።

ታፈሱ፦ ጌሙን ማን ወለደው?

አቤኔዘር፦ እሺ፣ እናቷ ሥራ ቦታ እንደውል። በስልክ ታናግራት።

ታፈሱ፦ ጅቡ ያለው ስልክ ውስጥ አይደል እንዴ? ስልክ ይዘህ ቀርበህ ደግሞ ጨርሰህ ግደላት። ለመሆኑ ጌሙን ማን ነው የሰጣት?

አቤኔዘር፦ እኔ ነኝ። ሱቅ በር ላይ አግኝታኝ ለመነችኝ። ደግሞ ቅዳሜ ሊለቀቅ ስለሆነ ልጅ እንዲሞክርልኝ ፈልጌ ነበር።

ታፈሱ፦ ሞክራልሃለች። ሠርቷል በለኛ።

አቤኔዘር፦ ይሄን ያህል ትፈራለች ብዬ አላሰብኩም።

ታፈሱ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የተረቴን ካሴት ስሰጥህ ምን ነበር ያልኩህ?

አቤኔዘር፦ "ለልጆች አድርገው" ብለውኝ ነበር።

ታፈሱ፦ ይሄ ለልጆች ነው? ዕድሜዬን ሙሉ በሬዲዮ "ልጆቼ" ስል ኖሬ፣ አሁን የኔ ድምፅ ከጅብ አፍ "ልጄ ክፈችልኝ፣ እናትሽ ነኝ" እያለ ይወጣል። ሶልያና ያሰማቻቸው የጎረቤት ልጆች እንኳ ትናንት "እንዴት ዋላችሁ" ብላቸው እየተጋፉ ወደየቤታቸው ሮጡ። እንዲህ የሚያም ስድብ ማንም ሰድቦኝ አያውቅም።

አቤኔዘር፦ ነገሩ እሱ እኮ ነው። የማያውቁት ድምፅ ማንንም አያስፈራም። የሚያስፈራው የሚወዱት ድምፅ ነው።

ታፈሱ፦ ታዲያ የሌላ ሰው ድምፅ አልነበረም?

አቤኔዘር፦ ከእርስዎ ሌላ የለኝማ።

ታፈሱ፦ አታባብለኝ። ተናድጃለሁ።

አቤኔዘር፦ እኔም ተናድጃለሁ።

ታፈሱ፦ አንተ ደግሞ በማን ላይ ነው የምትናደደው? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። አንተስ ያሳደገችህ ፊት ቆመህ ነው ቁርበት የምታስነጥፈው። ከዚህ ግቢ ከወጣህ ወዲህ ለካሴቱ ብቻ ነው የመጣኸው፤ ያን ቀንም ከደፉ አላለፍክም።

አቤኔዘር፦ ቸኩዬ ነበር።

ታፈሱ፦ ቸኩለህ። ጅቡን ልትቀልብ።

አቤኔዘር፦ በማን ተናደድክ አሉኝ አይደል? በተረትዎ ነው። እናትየው ገበያ ትሄዳለች፣ ልጅቷ በር ዘግታ ትጠብቃለች፣ ጅቡ ይመጣል፣ አይሳካለትም፣ ይሄዳል። ከዚያ እናትየው ከች ትላለች። በቃ። እናቴ ቤሩት ስትሄድ በእርስዎ አልጋ ጫፍ ላይ ሆኜ ያን ተረት ስንቴ ሰማሁት? በር በተንኳኳ ቁጥር ስንቴ ሮጥኩ? የወተት ሰው ነው። ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ነው። አንድ ቀን እንኳ እሷ ሆና አታውቅም። በእኔ ጌም ውስጥ እናትየው አትመጣም። ይጨልማል፣ ይነጋል፣ አትመጣም። እኔ ቢያንስ ልጆቹን አልዋሸሁም።

ታፈሱ፦ ጨረስክ?

አቤኔዘር፦ አልጨረስኩም። ግን ወጡ አረረ።

ታፈሱ፦ ይረር። እናትህን ቤሩት የላክኋት እኔ አይደለሁም።

አቤኔዘር፦ አላልኩም።

ታፈሱ፦ ትመጣለች ብዬህም አላውቅም። ተረቱን የነገርኩህ እንቅልፍ እንዲወስድህ ነው። ይወስድህም ነበር። ገና ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ ታንኮራፋለህ። እንደተኛህ እያወቅሁ እስከ ጫፉ እጨርሰው ነበር፤ ተረት መሐል ላይ አይጣልም። አንተ ግን ጫፉን አንድ ቀን ሰምተኸው አታውቅም።

አቤኔዘር፦ ጫፉማ እናትየው መጣች ነው።

ታፈሱ፦ ልጅቷ እናቷ መሆኗን በምን አወቀች?

አቤኔዘር፦ በድምጿ።

ታፈሱ፦ ድምጿንማ ጅቡ ይዞታል። አንተ ካሴቱን እስከ መጨረሻ አላዳመጥክም?

አቤኔዘር፦ የፈለግሁት ድምፅዎን ብቻ ነበር። "ልጄ ክፈችልኝ" የሚለውን ሳገኝ አጠፋሁት።

ታፈሱ፦ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ግማሽ ተረት ሰምተህ ሙሉ ጅብ ሠራህ።

አቤኔዘር፦ ቆይ፣ ቆይ። እየጠራችዎ ነው።

ታፈሱ፦ ምን አለች? ያረጀ ጆሮዬ በዚህ በር አያልፍም።

አቤኔዘር፦ "እንቆቅልሽ" ትላለች። ጌሙ ውስጥ እንዲህ ነው፤ ልጅቷ በር ላይ ለቆመው እንቆቅልሽ ትሰጣለች፣ የመለሰ ይገባል። ጅቡም መልሶ ክፈቺ ይላታል፤ እምቢ ስትል ነው በሩን የሚሰብረው።

ታፈሱ፦ ምን አውቅልሽ፣ የኔ እናት?

አቤኔዘር፦ "ውሃ ወለደኝ፣ ውሃ ገደለኝ።" ይኸው ቀላል ነው፣ ጨው ነው፣ እጅዎ ላይ ያለው። ይመልሱላት።

ታፈሱ፦ አላወቅሁም።

አቤኔዘር፦ እትዬ ታፈሱ፣ ጨው ነው እኮ። ያስተማሩን ራስዎ ነዎት።

ታፈሱ፦ አፍህን ዝጋ። ሶልያና፣ አላወቅሁም የኔ እናት። ተሸነፍኩ። አገር ልስጥሽ።

አቤኔዘር፦ ምን ማድረግዎ ነው? ቤቱ እየጨሰ።

ታፈሱ፦ ጌምህ ውስጥ ጅቡ ስንቱን እንቆቅልሽ ያውቃል?

አቤኔዘር፦ ሁሉንም።

ታፈሱ፦ ተረቱም ላይ ሁሉንም ያውቃል። አንድ አይስትም፣ ሆዳም ነዋ፤ አገር ስጥ ቢሉት ይሞታል። እያወቀች አላወቅሁም ብላ፣ ለልጇ አገሩን ሁሉ የምትለቅ እናት ብቻ ናት። ልጅቷ የለየቻት በዚህ ነው። አንተ አንኮራፍተህ ያለፍከው፣ ሶልያና ግን የምታውቀው ጫፍ ይሄ ነው። ቀጥሎ ምን አለች?

አቤኔዘር፦ "የቱን አገር?" ትላለች።

ታፈሱ፦ ደብረ ብርሃንን ሰጠሁሽ።

አቤኔዘር፦ "እምቢ፣ ይበርዳል" ትላለች።

ታፈሱ፦ እውነቷን ነው። ሐዋሳን ሰጠሁሽ፣ ከነሐይቁ፣ ከነዓሣው።

አቤኔዘር፦ እሺ አለች። "ሐዋሳ ገብቼ፣ እኔ ሥጋውን ስበላ፣ ያቺ ጥርሷ የወለቀው አያቴ እሾሁን ስትግጥ…" እየተሳደበች ነው እኮ።

ታፈሱ፦ ተሳደበች? ተመስገን። ጅብ ይፈራል እንጂ አይሰደብም።

አቤኔዘር፦ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ።

ታፈሱ፦ ወደ ኋላ በል፣ ፊቷ ላይ አትገተር። ነይ የኔ ዓለም። ነይ። አዎ፣ እኔው ነኝ፣ ጥርሴን እዪው። ስቶቩን ራስሽ አጠፋሽው? ካረረ በኋላም ቢሆን ጎበዝ። አየህ? ከአንተ የተሻለ ጭንቅላት አላት። ግቢ የኔ እናት፣ መጋረጃውን ክፈቺው፣ ጭሱ ይውጣ።

አቤኔዘር፦ ድምፅዎን ከጅቡ አወጣዋለሁ። ለቅዳሜም አይደርስም፣ ይቅር።

ታፈሱ፦ ታወጣዋለህ። እስክታወጣው ድረስ ቁጣዬ አይበርድም። ምን ቆመሃል? ሂዳ።

አቤኔዘር፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎትና እሄዳለሁ።

ታፈሱ፦ ቶሎ በል።

አቤኔዘር፦ እንቆቅልሽ።

ታፈሱ፦ ምን አውቅልህ?

አቤኔዘር፦ እናቱ ሄዳ ቀረች። ዘግቶ ቢጠብቅ የሚመጣ የለም፤ ከፍቶ ቢጠብቅ ጅብ ይገባበታል። ልጁ ምን ያድርግ?

ታፈሱ፦ አላወቅሁም፣ ልጄ። አገር ልስጥህ፤ ይሄን ቤት ውሰድ። ጫማህን አውልቅና ግባ።