ሽክርክሪት ያልደረሳቸው አይጦች

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ስንብት ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ሞልታችሁ ሳይ መሄዴ አሳዝኗችሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ፊታችሁን ሳየው ግን፣ መሄዴን በዓይናችሁ ልታረጋግጡ እንደመጣችሁ ገባኝ። ለእሱም አመሰግናለሁ።

የግዢ ኃላፊ ሆኜ ወደዚህ ላቦራቶሪ ከመምጣቴ በፊት የመኪና ጎማ ነጋዴ ነበርኩ። «ጎማው» ያላችሁኝም ለዚህ ነው። ፊት ለፊት አትጠሩኝም፤ ግን የቢሮዬ ግድግዳ ስስ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገባውን፣ የወጣውን፣ የተባለውን በየቀኑ በደብተሬ ጽፌያለሁ። ነጋዴ በትዝታው አይተማመንም።

ስለ ደም ሥር ምን አውቃለሁ? እናንተ ካስተማራችሁኝ አላልፍም። የተጎዳ ጡንቻ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ሲያጥረው ይጣራል። አጠገቡ ያለው ጤነኛ ደም ሥር ጥሪውን ሰምቶ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅርንጫፉ ወደ ጠሪው ያድጋል፣ ከሌላ ቅርንጫፍ ጋር ይገጥማል፣ ደም ይፈስበታል። ጡንቻው ሥራ ከፈታ ግን አዲሱ መንገድ መልሶ ይዘጋል። ይህ ለነጋዴ አይከብድም። ገዢ ባለበት ሰፈር መንገድ ይወጣል፤ ገዢ ሲጠፋ ሣር ይበቅልበታል።

ባለፈው ዓመት እግራቸው ለተጎዳ አይጦች መሮጫ ሃያ አራት ሽክርክሪት አዘዝኩ። አሥራ ሁለቱ ዘንጋቸው ተሰብሮ መጣ፤ መለስኳቸው። ደህናዎቹ አንደኛው ክፍል ገቡ። አዲሱን መርፌ የሚወጉትም የአንደኛው ክፍል አይጦች ነበሩ። መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ተወግተው ለማነጻጸሪያ የተቀመጡት፣ የሁለተኛው ክፍሎቹ፣ ሽክርክሪት ሳያዩ ሙከራው አለቀ። ምትኩ የደረሰው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቀኑ ተጽፏል።

ቀድማ የነቃችው አይጦቹን የምትንከባከበው እህታችን ናት። «ጋሼ» አለችኝ፣ «አንዱ ክፍል ሰርግ ቤት፣ አንዱ ለቅሶ ቤት ሆኗል። እነዚያ ሲሮጡ ይውላሉ፣ እነዚህ ተኮራምተው ይሰነብታሉ። ታዲያ ያዳናቸው መርፌው ነው ሩጫው?»

ጥያቄዋን ይዤ ወደ ዳይሬክተር ቢሮዎ ገባሁ፣ ዶክተር። ያስታውሳሉ?

«ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምን እንዳይሆን» አልኩ።

«አንተ ጎማህን ተመልከት» አሉኝ።

«እሱኑ እያየሁ ነው እኮ፤ የሚሽከረከረው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።»

አልሳቁም። በሳምንቱ እህታችን ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛወረች። ምን አጠፋች? «ሥራው ስላስገደደ» ተባለ።

እናንተስ? ከመካከላችሁ የሽክርክሪቱን ሲጥሲጥታ ከአንደኛው ክፍል ያልሰማ፣ ሁለተኛው ክፍል ጭር ማለቱን ያላየ አለ? ደም ሥሮቹን በማይክሮስኮፕ አይታችሁ አጨበጨባችሁ። በእርግጥም በዝተዋል፤ በዚህ ማንም አልዋሸም። ለምን እንደበዙ የጠየቀ ነው የጠፋው። አንዳችሁ ደረጃ ላይ ክንዴን ይዞ «እውነትህን ነው፤ ግን ልጆች አሉኝ» አለኝ። እኔም አሉኝ፣ ወንድሜ። ሰኞ መርፌውን የሚወጉት ሰዎችም አሏቸው።

አዎ፣ ሰኞ። እግራቸው የተጎዳ አርባ ሰዎች መርፌውን መወጋት ይጀምራሉ። ስድስት ሳምንት የእግር እንቅስቃሴ ሕክምናቸው እንዲቆም ታዟል፤ «ውጤቱን እንዳያደበላልቅብን» ተብሎ። አይጦቹን ያዳነው ሩጫው ከሆነስ? መድኃኒት ሰጠን ብለን መድኃኒታቸውን እየነጠቅን ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። እኔ ሞኙ ግን ዛሬ ጠዋት ለቀቅኩት። የደብተሬን ሰባት ገጽ ቅጂ፣ በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራን ለሚፈቅደው ኮሚቴ አስረክቤ፣ መረከባቸውን በማኅተም አስረጋግጬ ነው የመጣሁት። ዶክተር፣ ስልክዎን ያስቀምጡት፤ ለሰብሳቢው ቁጥርዎን እኔው ሰጥቻቸዋለሁ፣ እሳቸው ይደውላሉ።

ነገ ከእናንተ ሦስቱ ይጠራሉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሁለተኛው ክፍል ሽክርክሪት ነበረው ወይ? መልሱም አንድ ቃል ነው። ለአንድ ቃል ሰው ሥራውን ቢያጣ እንኳ፣ እኔ ጎማ ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ ከረሃብ የሚያድን ሥራ አይጠፋም።

እንግዲህ ፈጣሪ አንደበታችሁን ይፍታላችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ አድገውም «ያኔ ምን አልክ? ምን አልሽ?» ሲሏችሁ የምትመልሱት አያሳጣችሁ። ዶክተር፣ ለእርስዎም እግርዎን ከጉዳት ይጠብቅልኝ። ከተጎዳም፣ «ተነስተው ይራመዱ» የሚል ሐኪም ይዘዝልዎ።

ደህና ሁኑ።