የአባይነሽ ክርን

አቶ ገብረየስ በምሥራቅ ሰፈር፣ በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ለስኳር ተሰልፈው ሳለ ጎረቤታቸው ጉልላት መጥቶ ከኋላቸው ቆመ። ጉልላት በሐኪም ቤት የቀዶ ጥገና ክፍል ድሬሰር ነው። እጅ ነሥቶ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ አባይነሽ ከጋሪ ወድቃ ክርኗ ተሰበረ ሲሉ ሰማሁ። የት አሳከሟት?» ሲል ጠየቀ።

«ወጌሻ ዘንድ ነዋ! እጇን ቀጥ አድርጎ በቀርከሃ አስሮላታል። በየጊዜው እየፈታ በቅቤ ያሻታል። ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች።»

የጉልላት ፊት ሲለወጥ አዩና ተቆጡ። «ደግሞ ጀመረህ፣ ጓድ ሐኪም! እናንተ የዛሬ ልጆች ቢላዋ ካልነካው የዳነ አይመስላችሁም። የእኔን ቀኝ እጅ ያሰረው ይኸው ወጌሻ አይደለም? ከጣሪያ ወድቄ የተንኮታኮተውን ክርን አድኖልኛል። አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም።»

«መዳኑን እንየው እስቲ። በዚያ እጅዎ አፍዎን ይንኩልኝ።»

ሰልፈኛው ዞር አለ። የአቶ ገብረየስ እጅ ቀጥ ብሎ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። በግራ እጅ ከሰው ገበታ መቅረብ ነውር ስለሚሆንባቸው ከሠርግም ከለቅሶ ቤትም «በልቼ ነው የመጣሁ» እያሉ ጦማቸውን ይመለሳሉ።

«ባለጌ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሰው ፊት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ግን አባይነሽ ታይፒስት ናት፤ በማይታጠፍ እጅ ታይፕ አይመታም። ወጌሻው አጥንቱ ከተያያዘ ዳነ ይላል፤ እኛ ዳነ የምንለው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው። ስብርባሪው በቦታው ካልገጠመ ክርን አይታዘዝም። ቀዶ ሐኪሙ ከፍቶ ያገጥመዋል፣ በሽቦ ያስረዋል፣ ከዚያ ሳይደርቅ ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል። ማሸቱ ደግሞ ሥጋው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል።»

«የተቀደደ ሁሉ ይድናላ?»

«ሁሉም አይድንም። ቁስሉ የሚያመረቅዝበት አለ፤ ነርቩ ተነክቶ ጣቱ የሚደነዝዝበት አለ፤ እስከ ጫፍ የማይዘረጋለትም ብዙ ነው። በጊዜ ከመጣው ግን አብዛኛው ወደ ሥራው ይመለሳል። አልዋሽዎትም።»

ሽማግሌውን የረታቸው ይህ መልስ ነው። ወጌሻው አንድም ቀን «ይህን አልችልም» ብሎ አያውቅም ነበር። ስኳሩን ትተው ከሰልፉ ወጡ፤ በዚያው ቀን አባይነሽን ሐኪም ቤት አደረሷት።

ሆኖም አጥንቱ ተጣሞ መያያዝ ጀምሮ ስለነበር ሐኪሙ እንደገና ለመለያየት ተገደደ። ከብዙ ሥቃይና ልምምድ በኋላ የአባይነሽ እጅ ታይፕ ለመምታት ያህል ታጠፈ፤ ጠጉሯን ለማበጠር ግን አልደረሰም። ሐኪሙ «በመጀመሪያው ሳምንት መጥታ ቢሆን…» ብሎ ጀመረና የአባትየውን ፊት አይቶ ተወው።

ከዚያ ወዲህ አቶ ገብረየስ በሰፈሩ ሰው ተሰበረ ሲባል ቀድመው ይደርሳሉ። «ክርን ከሆነ አትሹት፤ አጥብቃችሁም አትሰሩት። በጨርቅ ደግፋችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሱት። ከተቀደደ በኋላም ቢያለቅስ እንኳ እንዲያንቀሳቅሰው አድርጉ። በሰው እጅ ከመጉረስ፣ ሥራን ከማጣት ይድናል» ይላሉ።

አንድ ቀን አባይነሽ ይህን ምክራቸውን ሰማች።

«ደግ ምክር ነው አባባ» አለች። «ወጌሻው ሲያስረኝ ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ ብዬ አልቅሼ ነበር እኮ። ረሱት?»

«አልረሳሁትም» አሉ። «ታዲያ ከቤት ቤት የሚያዞረኝ ምን መሰለሽ?»